አባባ መኪናዋን ለማን ሰጡ

የመኪና ኤሲ የሚጠግነውን ሰውዬ ሰፈሩ በሙሉ «በረዶ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን መኪና ሲያቀዘቅዝ የኖረ፣ የገዛ አንጀቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ማቀዝቀዝ ያልቻለ ሰው ነው። ምን ያቃጥለዋል ቢሉ፣ ታናሽ ወንድሙ! አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረውን፣ መላጣውን ሰውዬ ቤተሰቡ ዛሬም «ማሙሽ» ይለዋል። በረዶን ማንም በልጅነቱ እንኳ አቆላምጦ ጠርቶት አያውቅም፤ እሱም ያንገበግበዋል።

ለማሙሽ ሙያውን ያስተማረው ራሱ በረዶ ነው። ጋዝ እንዴት እንደሚሞላ፣ የሚያፈስ ቱቦ በሳሙና አረፋ እንዴት እንደሚገኝ፣ ሁሉንም። ታዲያ ማሙሽ ተምሮ ሲያበቃ የት ጋራዥ ቢከፍት ጥሩ ነው? ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ! ያውም ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ለደንበኛ ወንበር ገዝቶ። የበረዶ ደንበኞች የሚቀመጡት አሮጌ ጎማ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶ የሚሠራው በአንድ ዓይኑ ነው፤ ሌላው ዓይኑ ማዶ ነው። ማን ገባ፣ ማን እየሳቀ ወጣ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ አንገትህ ተጣሞ እንዳይቀር» ትለዋለች።

ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን ቀና ሲል የአባቱ አሮጌ ነጭ መኪና ማዶ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። አባባ እዚያ ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል።

ክው አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር የነበሩት አባባ ያቺን መኪና ከበረዶ በቀር ለማንም አሳይተው አያውቁም። «ያለ እሱ ማንም አይነካትም» ሲሉ አንዴ በጆሮው ሰምቷል፤ ከአባቱ አፍ የሰማት ምስጋና እሷ ብቻ ናት። እሷም ተወሰደችበት! ያን ቀን ምሳ አልበላም። ማታ ሚስቱ ምን ሆነህ ብትለው «ምንም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ክላክስ ተነፋ። አባባ ናቸው።

«እስቲ እያት ልጄ። ኤሲዋ ሙቅ ነው የሚነፋው።»

«ትናንት ማሙሽ አልሠራትም እንዴ?» አለ በረዶ፣ ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ።

«አንተ ዘንድ ስመጣ ሁልጊዜ ነገ፣ ነገ ትለኛለህ። ለዚያ ነው ወደሱ የሄድኩት። ጋዝ ሞላ፣ ያው ነው። አቅቶኛል፣ ይሄን የሚችለው ጋሼ ነው አለኝ።»

እሰይ! የበረዶ ልብ ቅቤ ጠጣ። አቅቶኛል! በገዛ አፉ! እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑን ከፈተ። ያ ችኩል መቼም አንድ ቦታ ቱቦውን ሳያጠብቅ ትቶታል፤ እሷን አግኝቶ ለአባባ በጣቱ ሊያሳያቸው ነው።

መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባ። አንድም የሚያፈስ የለም። ጌጁን ሰካ፤ ጋዙ ልክ ነው፣ አልበዛ፣ አላነሰ። ቱቦውን ሲነካው ቀዝቅዞ አልቦታል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዛሬ ግን እያንዳንዷ ልክ የሆነች ነገር አናቱን አዞረችው። ደግሞ ቀባ። አሁንም የለም።

«ምነው? ሥራው ተበላሽቷል?» አሉ አባባ ከጎማው ላይ ወገባቸውን እያሹ።

«ቆይ አባባ፣ ገና ነኝ።»

ኮፈኑ ሥር ቀዝቅዞ ውስጥ ከሞቀ፣ አየሩ መንገድ ላይ ነው የሚሞቀው። ይህን ጀማሪ ያውቀዋል፤ ለማሙሽም ያስተማረው እሱ ነው። ቅናት ዓይኑን ባይጋርደው ኖሮ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነበር። በጀርባው ተንሸራቶ ዳሽቦርዱ ሥር ገባና ባትሪ አበራ። ሙቁን አየር የምትዘጋው ትንሿ ክዳን በሽቦ ታስራ ተከፍታለች። የሽቦው ጫፍ ደግሞ በቀይ ቴፕ ተጠቅልሏል።

በሰፈሩ የሽቦ ጫፍ በቀይ ቴፕ የሚጠቀልል ሰው አንድ ነው። ማሙሽ ሥራ በሚለምድበት ጊዜ በረዶ ሳይጠቀልል የተወው ሽቦ የልጁን መዳፍ ሰንጥቆት ደም በደም ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በረዶ ሳይጠቀልል ትቶ አያውቅም። በብርዱ ወራት አባባ ጉልበቴን ብርድ ፈጀኝ ሲሉት ክዳኗን የሚከፍትና የሚዘጋው ክንድ ተሰብሮ አገኘና «ለጊዜው ነው፣ በሳምንቱ እቀይረዋለሁ» ብሎ በሙቁ በኩል ያሰራት እሱ ነው። አዲሱን ክንድ ገዝቶት ነበር። ስምንት ወር መሳቢያው ውስጥ ተኝቷል፤ ጌታው ማዶ ሲያዩ መች ጊዜ አግኝተው!

ሌላም ነገር አየ። በሽቦው ዙሪያ አቧራው ተጠርጓል። ማሙሽ ትናንት እዚህ ገብቶ ነበር። አይቶታል። በፒንሳ ቁርጥ ቢያደርገው መኪናዋ ያኔውኑ ትቀዘቅዝ ነበር፣ አባባም የማን እጅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። አልነካውም። አቅቶኛል ብሎ ወጣ።

«አገኘኸው?» አሉ አባባ። «የማሙሽ ጥፋት ነው?»

አንዲት «አዎ» ብቻ! አንዲት «አዎ»፣ መኪናዋ ለዘለዓለም የሱ ናት። ፊቱ ዳሽቦርዱ ሥር ነው፣ የሚያየው የለም። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ደርሳለች። ጣቱ ግን ቀዩን ቴፕ ነክቶ ቀረ።

«የኔ ነው፣ አባባ። በብርዱ ጊዜ ያሰርኩትን ረስቼው ነው። ማሙሽም አይቶታል። እኔን እንዳያሳጣኝ ነው አቅቶኛል ያለዎት።»

 በረዶ አዲሱን ክንድ ገጥሞ አባባን መኪናዋ ውስጥ አስገባና ኤሲውን ከፈተ፤ ቀዝቃዛው አየር የሽማግሌውን ሸሚዝ አነፋው። እሳቸው ግን ዓይናቸው ማዶ ነበር።

«አይ ማሙሽ!» አሉ ፈገግ ብለው። «አይ የኔ ልጅ!»

በረዶ እዚያው ቆሞ ቀረ። ጉድ እኮ ነው! የጠገነው እሱ፣ ያመነው እሱ፣ የተመሰገነው ማሙሽ! በደግነትም ቀደመው!

አባባ ከሄዱ በኋላ እጁን ጠርጎ መንገዱን ተሻገረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተሻግሮ አያውቅም። ማሙሽ ብድግ አለና ወንበሩን ሳበለት።

«ቀዘቀዘች፣ ጋሼ?»

«ቀዘቀዘች» አለ በረዶ፤ ተቀመጠም። ወንበሩ ደግሞ ይመቻል። እሱም አናደደው።