ለጺማሙ ሰውዬ የተቀመጥነው ለቅሶ

የልጅ ልጄ ቤቱን ልትቀባ ዕቃ ስታወጣ የድሮ የከረሜላ ጣሳዬን አገኘች። ክዳኑን ስትከፍተው የቀድሞ የአሜሪካ መሪዎች መልክ ያለባቸው ቴምብሮችና ፖስት ካርዶች ምንጣፉ ላይ ተበተኑ።

«እምዬ፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ለዚህ ለጺማሙማ አልቅሼለታለሁ» አልኳት።

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ጓሮ ያለችውን ክፍል አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ተከራይቶ ነበር። አገሩ ሁሉ «ሚስተር» ይለዋል። ደብዳቤ በአውቶቡስ ከደሴ ሲመጣለት ፖስታውን ለእኔ ይሰጠኛል። ለብ ባለ ውሃ እነክረዋለሁ፤ ቴምብሩ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ቅርፊት ልቅቅ ይላል፤ ሰፌድ ላይ አሰጣዋለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምለያቸው በመልካቸው ነው፤ ጠጉሩ እንደ ሴት የረዘመው፣ መላጣው፣ ጺማሙ። ጺማሙ ግን ከሁሉም ይበዛል። ደብዳቤ የላከ ሰው የገዛ መልኩን የሚለጥፍ መስሎኝ፣ የሚስተር አባት ነው ብዬ ቆረጥኩ። ደግሞም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከሲታ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ።

ጥቅምት ላይ ነው፣ የጤፉ ዛላ ሲያዘነብል። ሚስተር ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝቶ ሲመለስ ቴምብሩን አሳየሁት።

«ይኼ ሰውዬ ደህና ነው?»

«ሞቷል» አለኝ ዓሣውን እያጠበ። «በጥይት ገደሉት።»

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ደረቷን መታች። «አባቱ ተገድሎበት ብቻውን ዓሣ ይጠብሳል? እኛ ሰው አይደለንም?»

በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን ሞላ። በእኛ አገር ለቅሶ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ከአምባሰል ለገበያ የወረዱት ሳይቀሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሚስተር በሩን ሲከፍት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ አንገቱን አቀፈችው።

«አብሽር ልጄ፣ አላህ ያጽናህ። አባት መቼም አይተካም።»

«የማን አባት?» አለ ግራ ገብቶት።

ቴምብሩን አወጣሁ። አየውና መቃኑን ይዞ ሳቀ። «ይኼማ የአገራችን መሪ ነበር! ከሞተ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሽማግሌው አያ ይመር ናቸው ያተረፉኝ።

«መቶ ዓመት ዘግይተናላ! በሉ እንግዲህ፣ ንፍሮው እንኳ ሳይበርድ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ንፍሮ በእጁ እየዘገነችለት፣ «የአንተው አባትስ ደህና ነው?» አለችው።

ሚስተር ንፍሮውን ቁልቁል እያየ፣ «እሱም ሞቷል፣ በልጅነቴ። ለቀብሩ ይኼን ያህል ሰው አልመጣም» አለ።

አያ ይመር ነጠላቸውን መልሰው አዘቀዘቁ። «ስሙን ንገረን» አሉት። ነገረን። ለመሄድ የተነሳው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። እናቴ ያንን ለአፏ የማይመች ስም እየጠራች ሙሾ አወረደች፤ ሚስተርም ያን ጊዜ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

«ታዲያ ያለቀስሽው ለአባትየው ነው እንጂ ለጺማሙ አይደለም» አለች የልጅ ልጄ።

እውነቷን ነው። የአባትየውን መልክ ግን አንዳችንም አላየነውም፤ ያን ለቅሶ ሳስብ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ጺማሙ ነው። ሌሎቹን ወደ ጣሳው መለስናቸው። እሱን ቀለሙ ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ለጥፊልኝ ብያታለሁ።