ለበረዶ የተያዘ ጃንጥላ

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ተራራ ላይ በረዶ ጣለ በተባለ ቁጥር ላስ ቬጋስ ያብዳል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሲለበልበው የከረመ ሕዝብ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን መኪና ውስጥ ይጠቀጥቅና ሽቅብ ይነዳል። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ይውላል። ለምን? ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ነገር መሬት ላይ ለማየት። እዚህ አገር ስኖር አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገር ብዙ ስለሌለኝ ይቺን አጥብቄ ነበር የያዝኳት።

ኩራቴን ያስጣሉኝ አማቴ ናቸው። ለሦስት ወር ሊጠይቁን መጥተው ኮሮና ገባ፣ በረራ ቆመ፣ ሦስቱ ወር ዓመት ሊሞላው ደረሰ። በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ በመጨረሻ ትኬት ተገኘ፤ በሳምንቱ ሊሄዱ ሆነ። ይሄኔ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ፣ በዚያ በተጣመመ አማርኛዋ፣ «እማማ ስኖው ሳያይ አይሄድም!» ብላ አዋጅ አወጀች። አያቷን ወንድ ማድረጓን ያረማት የለም። ሚስቴም ደገፈቻት። በቤታችን ድምፅ ሲሰጥ እኔ ሁልጊዜ ታዛቢ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። እኔ ሰው አስቃለሁ። ካዚኖ ውስጥ ሻንጣ ስሸከም ቲፕ የማገኘው በጉልበቴ ሳይሆን በአፌ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳን አንድ ሁለት ሰው ሳላስቅ አልወጣም። አማቴን ግን ካገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን አስቄያቸው አላውቅም። በዚያ ዓመት ደግሞ ሺፍቴ ተቀንሶ ቤት ስለዋልኩ ያለኝን ቀልድ ሁሉ አራግፌባቸዋለሁ። ጨርሼ አፍ አፋቸውን ሳይ «እሺ» ይላሉ። እሺ! ሰው ለቀልድ እሺ ይላል? ከቤት ሲወጡ ደግሞ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስለሚስቡት፣ ከሥር ፈገግ ብለው ከሆነም የማውቅበት መንገድ የለም። ሳይስቁ አውሮፕላን ከገቡ በቃ፣ ተሸንፌ ቀረሁ ማለት ነው።

«እማማ፣ ነገ በረዶ ልናይ ነው» አልኳቸው።

«በረዶ ሲመጣ ሰው ቤት ይገባል እንጂ ሊያይ ይወጣል?»

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ለስላሳ ውስጥ የሚጨመረውም በረዶ ነው፣ ይሄ ፈረንጅ የሚንከባለልበትም በረዶ ነው። ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሲወጡ ያንን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ነበር።

ከሰፈራችን ከኢንተርፕራይዝ ተነስተን ተራራው ላይ ደረስን፤ እንዴት እንደደረስን አልናገርም፣ አሁንም ወገቤን ያመኛል። የማፌዝበትን ነገር እግዜር አብዝቶ አዘጋጅቶልኝ ነበር። አንዱ በነጠላ ጫማ መጥቶ ብርዱን ይራገማል። አንዷ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ቁጭ ብላ ቁልቁል ትወርዳለች። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፍ በአየር የተነፋ ሮዝ ወፍ ላይ አራት ሆኖ ተጭኖ ይጮኻል። በረዶው ራሱ በጎማ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል፤ ነጭ የቀረው ሰው ያልደረሰበት ብቻ ነው። ሁሉም ግን ፎቶ ይነሳል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አላስካ እንዳለ ሰው።

እኔስ? እኔማ ብልጥ ነኝ። ቡት ላለመግዛት ካልሲዬ ላይ ከሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ እንጀራ የገዛንበትን ፌስታል አጥልቄ ነበር የመጣሁት። ስራመድ እንደ ቺፕስ እንኮሻኮሻለሁ። «ትኩስ እንጀራ» የሚለው ጽሑፍ ከጫማዬ በላይ ወጥቶ ይነበባል። እጄ ላይ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ቢጫ ጓንት።

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ ከእኛ ጋር አትቁም» አለች ልጄ።

አማቴ ከመኪናው ወረዱ፣ ሰማዩን አዩ፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ደመና የሚባል የለም፣ ፀሐይ ዓይን ይወጋል። ሮዝ ወፍ ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ መጮኻቸውን አቁመው አዩን። ሚስቴ «እማዬ፣ ይታጠፍ» ብላ ለመነች፤ እምቢ አሉ። ጥድ ሥር ሄደው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ይቺ ናት ቀኔ አልኩ። እየተንኮሻኮሽኩ ሄድኩ።

«እማማ፣ በረዶው እኮ ወድቆ አልቋል። ይኸው የረገጡት!»

ወደ እግራቸው አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ።

«የወደቀ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳኸን?»

ሚስቴ በሳቅ መኪናው ላይ ተደገፈች። እኔ ራሴ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም፤ ማስካቸው እንኳን አልተነሳም። በራሴ ሙያ ቀድመውኝ፣ እንደ ተራ ነገር ጃንጥላቸውን አስተካከሉ! ደሜ ፈላ።

«ይዝጉት፣ ይሄን ጃንጥላ! ሰው እያየን ነው። አይወርድም አልኩዎት።»

«ይወርዳል።»

«ከየት ይወርዳል? ሰማዩን አያዩም?»

«አንተ ዝም ብለህ ቁም፤ ይወርዳል።»

«እሺ፣ ይኸው!» አልኩና የጥዱን ግንድ በቢጫ ጓንቴ በኃይል መታሁት። «ምን ወረደ?»

መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ጃንጥላው ላይ ጧ አለ። ቀጥሎ ቅርንጫፉ ላይ የተከመረው ሁሉ በአንድ ጊዜ እኔ ላይ ተናደ። አንገቴ ገባ፣ ጆሮዬ ገባ፣ ፌስታሌ ውስጥ ገብቶ ሞላ። ዓይኔን ስገልጥ አማቴ ጃንጥላቸው ሥር ደረቅ እንዳሉ ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በረዳቸው ብዬ ደነገጥኩ።

ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ ነበር። ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ሲር አለ፣ ከዚያ ፈነዳ። እጄን ይዘው ካልሆነ መቆም አቃታቸው። «አላልኩህም?» ሊሉ ይጀምራሉ፣ «አላል...» ላይ ይቀራል። እንባቸውን ጠረጉ፣ «ትኩስ እንጀራ» የሚለውን አዩ፣ እንደገና ጀመሩ።

ያ ሁሉ ዓመት ቀልድ ስመርጥ፣ ስሞርድ የኖርኩት ለካ በከንቱ ነው። ሴትየዋ የሚፈልጉት ዛፍ ብቻ ነበር።

«ና፣ ግባ» አሉና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። አሁን ምን ያደርግልኛል?

ልጄ እየሮጠች መጣች። ከእኛ ጋር አትቁም ያለችው ልጅ። «አባዬ! ዱ ኢት አጌን! እንደገና!»

በረዶን ያኔም ናቅሁት፣ ዛሬም እንቀዋለሁ። ግን አማቴን አየኋቸው፤ ማስካቸውን አልመለሱትም። ቀጥሎ ያለውን ጥድ፣ የበለጠ የተሸከመውን፣ ዞሬ ተመለከትኩና ወደዚያው መንኮሻኮሽ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አማቴ ከኋላዬ፣ «መጀመሪያ እኔ ልራቅ።»