ጋሽ ደበላ የገዙት ሞዞ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን ማስቀየሜን ከዘረዘርኩ በኋላ፣ እዚህች ላይ ስደርስ «ሌላ የለኝም አባ» ብዬ የተነሳሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላ ነበረኝ። ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ልጅነት ነው አልልም፤ ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር።

ናሆም ጓደኛዬ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በአንድ አጥር ተጎራብተን አደግን። ሁለታችንም ሳይክል እንወዳለን፤ ያውም ዳገት። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሁልጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ እኔ ደፋር ስለሆንኩ እደርስበታለሁ፤ ውድድር የሚለየው ግን ዳገት ላይ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ መቅደሙን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ጫፍ ላይ ደርሶ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ ውሃውን ያቀብለኛል። ያ ውሃ ያበሽቀኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ?

እሱ እግር ነበረው፤ እኔ ደግሞ እጅ። የሁለታችንንም ሳይክል የምጠግነው እኔ ነበርኩ።

የናሆም አባት የሞቱት እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ እማማ አስካለ ብቻቸውን ካሳደጉት በኋላ ጋሽ ደበላን አገቡ። ጋሽ ደበላ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ መሬታቸውን ለወንድማቸው ትተው ከተማ ገብተው፣ አንድ መጋዘን በጥበቃ ይሠሩ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ናሆም አልተቀበላቸውም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የአባቱ ቦታ ላይ ስለተቀመጡ ነው። «ሰውዬው» ነበር የሚላቸው። «ሰውዬው ገባ?» ይላል፣ እሳቸው እየሰሙ።

ያን ሰሞን አንድ የብስክሌት ክለብ አዳዲስ ልጆች ሊመርጥ እንጦጦ ላይ ውድድር እንደሚያዘጋጅ ሰማን። የሁለታችንም ሳይክል የኋላ ሞዞው አልቆ ነበር። ሞዞ የጎማው እምብርት ነው። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ሁሉ የሚነሱት ከሱ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ነክሰው ጎማውን የሚያዞሩት ጥርሶችም ያሉት ውስጡ ነው። ጥርሶቹ ሲያልቁ ይስታሉ፤ እግር ባዶ ይረግጣል። ሜዳ ላይ ያስቃል። ዳገት ላይ ቆሞ ለሚረግጥ ሰው ግን ይጥላል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ከሰዓት ጋሽ ደበላ ግቢያችን መጡና ከኮታቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። መርካቶ ሲዞሩ ውለው ያገኙት አዲስ ሞዞ ነበር፤ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቀይ ቀለበት ያለው። ምን ዓይነት እንደሚገዙ ለማወቅ ናሆም በሌለበት ሳይክሉ አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያጠኑት እንደነበር እማማ አስካለ ኋላ ነግረውኛል።

«ግጠምለት» አሉኝ። «እኔ እንደገዛሁት አሁን አትንገረው። መጀመሪያ ይሂድበት።»

«እሺ ጋሼ።»

ሄድ ብለው ተመለሱ። «ደስ ይለው ይሆን?» አሉኝ።

ያን የሚያክል ሰው እንደዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። «በጣም ነው እንጂ የሚደሰተው!» አልኳቸው። ስናገር ከልቤ ነበር።

ከዚያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች፣ የእሱንም የእኔንም፣ ግቢ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ፈታኋቸው። አዲሱን ሞዞ በጣቴ ሳሽከረክረው እንዴት ያለ አዟዟር! እጄ አልለቀው አለ። ለራሴ ምን እንዳልኩት አስታውሳለሁ፤ «ለውድድሩ ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ እመልስለታለሁ። የእኔም አሮጌ ከእሱ አሮጌ ይሻላል» አልኩት። አዲሱን ለራሴ ጎማ ገጠምኩት። የእኔን አሮጌ በቤንዚን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ውስጡን ግራሶ ሞልቼ ለናሆም ገጠምኩለት። ግራሶ ድምፅ ያፍናል፤ ያለቀውን አዲስ ያስመስላል። ቀጥሎም የአዲሱን ሞዞ ቀይ ቀለበት ጥቁር ቀለም ቀባሁት። እመልስለታለሁ ያለ ሰው ቀለም ምን ያደርግለታል? ስቀባው አውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቅኩ ሰረቅኩት።

የውድድሩ ጠዋት በራቸው ላይ ስጠብቀው ናሆም ሳይክሉን እየገፋ ወጣ። ጋሽ ደበላ ደጅ ቆመዋል። አልፏቸው ከሄደ በኋላ ዞር አለና «እማዬ ነገረችኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ደበላ» አላቸው። በስማቸው ሲጠራቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ጎንበስ ብለው የመቀመጫውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉለት።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። የኋላ ጎማ አውልቆ ለመቀያየር ምን ጊዜ ይወስዳል? እኔ ግን ሄልሜቴን አሰርኩ።

ዳገቱ ላይ እንደልማዱ ቀደመኝ። መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ቦታ ላይ ከመቀመጫው ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ሲረግጥ ከኋላው አየሁት። ከዚያ አንድ ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። እግሩ ባዶ ረገጠ፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ፤ ተገልብጦ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ወደቀ። አጠገቡ ስደርስ ጉልበቱን አቅፎ ይንፈራፈራል። ቀና ብሎ አየኝና «ሂድ! አትቁም፣ አንተ እንኳን ግባ!» አለኝ።

ሄድኩ። ጓደኛዬን መሬት ላይ ጥዬ፣ በእሱ ሞዞ ሄድኩ።

ክለቡ እኔን መረጠኝ። የናሆም ጉልበት ተቀደደ፤ ተሰፋ፤ ግን እንደ ድሮው መታጠፍ እምቢ አለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሞዞውን ፍታልኝ አለኝና ፊቱ ፈታሁት። ጥርሶቹ ተበልተዋል። «ይሄ ነው አዲስ?» አለኝ። ዝምታዬ በቃው። እግሩን እየጎተተ ቤት ገብቶ ጋሽ ደበላን «አሮጌ አስቀብተህ ልትገድለኝ ነው?» ሲላቸው እስከ እኛ ግቢ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ከረረ። ናሆም «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብሎ እናቱን ሲያስጨንቅ የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም ተጠራሁ። ጋሽ ደበላ ተነስተው «ሚካኤልን! አዲስ ነው የገዛሁት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ጭንቀት አልነበረም። ምስክር አለኝ ብለው ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «ልጄ፣ የገጠምከው አንተ ነህ። አዲስ ነበር ወይስ አሮጌ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ተቀብቶ ከሆነ አይለይም። መርካቶ ፎርጅድ ሞልቷል።»

ሞዞውን ከሰረቅኩበት ቀን ይልቅ ይህችን የተናገርኩባትን ቀን ነው የምፈራት። ማንም አላስገደደኝም። ጋሽ ደበላ አዩኝና ቀስ ብለው ተቀመጡ። እማማ አስካለ አቀርቅረው ነጠላቸውን ያፍተለትሉ ነበር። እሳቸውም ባላቸውን ያን ቀን መጠርጠር ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ደበላ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ወደ እኛ ግቢ ብቅ አሉ። ሱሉልታ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ሊሰናበቱኝ መምጣታቸው ነበር። ሳይክሌን ገልብጬ እያጠብኩ ነበርና መደበቂያ አጣሁ። ጭቃና ዝናብ ቀለሙን ልጦት፣ ቀዩ ቀለበት እዚህም እዚያም ወጥቷል። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ጥፊያቸውን ጠበቅኩ። ምነው በመቱኝ!

«እኔኮ» አሉ፣ «ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ምናልባት አታለውኝ ይሆናል እያልኩ።»

ቀዩን ቀለበት በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ለናሆም አልነግረውም» አሉ። «እኔን ድሮም አልወደደኝም። የሚወደው አንተን ነው። አንተንም ካጣ ከማን ጋር ይሆናል? ዝም ብለህ አጠገቡ ሁን።» ፌስታላቸውን አንስተው ወጡ። አልተከተልኳቸውም። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» የምትል ቃል ምን ያህል ትከብዳለች? ውሃው ከእጄ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ።

ክለቡን ብዙም ሳልቆይ ተውኩት። እንደ ቅጣት አትቁጠሩልኝ፤ እግሬ ስላልቻለ ነው።

ጋሽ ደበላ እዚያው ሱሉልታ ሞቱ። ናሆም «የማላውቀው ሰው ነው» ብሎ ቀረ። እናቱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቃሬዛው ሲነሳ ትከሻዬን አስገባሁ። ወንድማቸው «ምናቸው ነህ?» ቢለኝ «የልጃቸው ጓደኛ» አልኩት። እሱም መረቀኝ።

አሁን ናሆም ኮተቤ ይኖራል፤ አግብቷል፤ እናቱም ከእሱ ጋር ናቸው። ደረጃ ሲወጣ ያችን እግሩን ያስከትላታል። የጋሽ ደበላ ስም በዚያ ቤት አይነሳም። በቅርቡ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለትና ደወለልኝ። «የካ ሚካኤል ነው ክርስትና የምናስነሳው። የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» አለኝ። ላመካኝ ስሞክር ሳቀብኝ። «ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

«እሺ» አልኩት። እንደገና ዋሸሁት።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ሱሉልታ አፈር ውስጥ ነው፤ ይቅር ብለውኝ ከሆነም ሳልለምናቸው ነው። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ነገ ኮተቤ እሄዳለሁ። አበልጅነቱ ይቀራል፤ ጓደኝነቱም ይቀራል፤ ይቅር። ናሆም ቢመታኝም እጄን አላነሳም። ከእሱ በፊት ግን እናቱ ክፍል እገባለሁ። «የዋሸ ሰው ሚስት ነበርኩ» ብለው ስንቱን ዓመት አንገታቸውን ደፍተው የኖሩት እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ እንዲህ እላቸዋለሁ፦

«እማማ፣ ባለቤትዎ አዲስ ነው የገዙት። የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»