የማዳም ኤፍቲኽያ ኦፔል

ሸውቂ ትራም ነጂ ነበር። በእስክንድርያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ሐዲድ ላይ ሲመላለስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። «መሪ የሌለው ነገር ስነዳ አረጀሁ» ይላል። መሪ ያለውን የሚነዳው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው፤ ያችን ጥቁር ኦፔል። ከስግደት መልስ ያጥባታል፣ በባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል፣ ሸራ ያለብሳታል። ሚስት የለውም፤ ልጅም የለውም።

ኦፔሏን በፈረንጅ 1958 ያስመዘገበችው ከሱ ቤት በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ግሪካዊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ማዳም ኤፍቲኽያ። ሸውቂን መንዳት ያስተማረችውም እሷ ናት። በ1978 አቴና ወዳለችው እህቷ ስትሄድ መኪናዋን ሸጠችለት። ሽያጩ እንደ አገራችን ልማድ በውክልና ሆነ። ስም ማዛወር ግብር አለው፣ ሰልፍ አለው፤ ስለዚህ ሻጭ ውክልና ይፈርማል፣ ገዢ ይነዳል፣ ሊብሬው ላይ የድሮው ስም ይቀራል። ችግሩ፣ ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። በከተማችን መኪና የሸጠለትን ሰው ጤና ከገዛ አባቱ ጤና አብልጦ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል።

ሸውቂ በየሦስት ዓመቱ ፈቃድ ሲያሳድስ ጸሐፊው «ሴትየዋ በሕይወት አለች?» ይለዋል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት።»

እኔ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ለዚህ ነው ሸውቂ እንደ መምህር «ኡስታዝ» እያለ የሚያሾፍብኝ። ማታ ማታ ዶሚኖ እንጫወታለን፣ ብዙም አናወራም። በበዓል በበዓል ግን «ማዳም ደውላ ነበር፣ ሰላም ብላሃለች» ይለኛል። እኔም «ሰላም በልልኝ» እላለሁ።

በካይሮ የአሮጌ መኪናዎች ትርኢት እንዳለ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እንሂድ አልኩት። ከሳምንት በኋላ አንድ ምሽት ዶሚኖውን እየደረደረ፣ «መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ካርድ የማን ስም አለበት?» አለኝ።

«የባለቤቱ።»

«የሷ ስም ከሆነ እሄዳለሁ። የኔ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። ዋንጫ አላማረውም። ካይሮ ውስጥ ሰው እያለፈ ስሟን እንዲያነበው ብቻ ነበር የፈለገው። ቅጹን እኔ ሞላሁት። «የመኪናው ልዩ ነገር» በሚለው ቦታ ላይ ጥቂት አሰብኩና «ከተመዘገበችበት ቀን ጀምሮ በአንድ ሰው ስም ያለች» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩን ወድጄው ነበር።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እኔ እንደ ወትሮዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከፊት ተቀምጬ አላውቅም፤ የፊተኛው ወንበር ሞላ ተሰብሯል ይለኛል። የበረሃው መንገድ መክፈያ ላይ ስንደርስ ገንዘብ ተቀባዩ እሱንም እኔንም አየና፣ «ታክሲ ነው እንዴ፣ ሐጅ?» አለ።

«ታክሲ ነው። ይሄ ጌታ ካይሮ ሲደርስ እከፍልሃለሁ እያለ ከሃያ ዓመት በፊት ነው የተሳፈረው።»

ሰውየው እየሳቀ ደረሰኙን ሰጠን።

በሰባ ኪሎ ሜትር ነበር የምንሄደው። የጭነት መኪናዎች እየጮኹ ያልፉናል፤ አሸዋው በመስኮት ይገባል። ከግማሽ መንገድ በላይ ሄደን ሞተሩ እንዲያርፍ ቆምን። ፉልና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ የባቄላ ጠዕሚያ በዳቦ በላን። ሸውቂ መኪናዋ ጥላ ውስጥ መሆኗን ለማየት ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ።

«ደስ ብሎሃል?» አልኩት።

«ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ካርዱን በትልቅ ፊደል ይጽፉታል አይደል?» አለ።

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ነው የምትለኝ? ቅጹን የሞላኸው አንተ አይደለህ?»

ትርኢቱ ከካይሮ ወጣ ያለ የአንድ ክለብ ግቢ ውስጥ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ደረስን። ከበሩ ፊት የመኪናዎች ሰልፍ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ወርደው በጨርቅ አቧራ ያራግፋሉ። ተራችን ሲደርስ ሸውቂ ኦፔሏን በሩ ላይ አቆመና ድንኳኑ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ሄድን። የምትመዘግበው ልጅ ሊብሬውንና ውክልናውን ተቀብላ ቅጹን አነበበች። ፊቷ በራ።

«ሃምሳ ሰባት ዓመት በአንድ ስም! አጎቴ፣ ሴትየዋ አለች?»

«አለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«በአላህ፣ ስልኳን ስጠኝ። በድምፅ ማጉያ ሰላም ትበለን፤ ሰው ሁሉ ያጨብጭብላት።»

ሸውቂ ካርዱን ነበር የሚያየው። ስሟ በትልቅ ጥቁር ፊደል ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አሟታል» አለ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ። ከተኛችም እስክትነሣ እንጠብቃታለን፣ ቀኑ ገና ነው።»

«ስልክ አትወድም።»

እኔ የረዳሁት መስሎኝ፣ «በበዓል ትደውልልህ የለም እንዴ?» አልኩት።

ሸውቂ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቆቡን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው።

«ሞታለች» አለ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «መቼ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። እህቷ ጽፋልኛለች።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ሰላም ስልላት ኖሬያለሁ። ደብዳቤው በመጣ ቀንም ማታ ዶሚኖ ተጫውተናል ማለት ነው፤ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላስታውስም።

የትርኢቱ ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። ውክልናውን አየ፣ ቀኑን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ውክልናው ወድቋል ማለት ነው፣ ሐጅ። ባለቤት የሌላትን መኪና ማስገባት አልችልም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለሌላ ሰው እንዲህ ብለህ ባትናገር ይሻልሃል። ፈቃድህንም ታጣለህ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ልጅቱ ካርዱን ከጠረጴዛው አነሣች። ወዴት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ጥቂት ይዛው ቆየች፤ በኋላ መልሳ አስቀመጠችና ተነሥታ እጇን ዘረጋች። «የቀረው ዕድሜ ለአንተ ይሁን፣ አጎቴ።»

ሸውቂ እጇን ጨበጠ። ኃላፊውም አስከትሎ እጁን ዘረጋ። ከኋላችን ቀይ መኪና ይዞ የቆመው ሰው ሰምቶ ስለነበር ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ከሱ ኋላ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሲነገረው እሱም መጣ። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛን እጁን ሳይጨብጡ ማለፍ ነውር ነው፤ አሥራ አንድ ቀንም ሆነ አሥራ አንድ ዓመት ልዩነት የለውም። ሸውቂ በለቅሶ ድንኳን በር ላይ እንደሚቆም የቅርብ ዘመድ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለማዳም ፈትሒያ አላህ ምሕረት ያውርድላት።»

«ኤፍቲኽያ» ይላል ሸውቂ።

«አላህ ያጽናህ። ስሟን ማን ነበር ያልከኝ?»

«ኤፍቲኽያ።»

እጁ በዘይት የጠቆረ አንድ ሽማግሌ ግን ጨብጦት አልለቅ አለ። «ምንህ ነበረች፣ ልጄ?»

ሸውቂ ብዙ አሰበ።

«ጎረቤቴ» አለ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና አለፈ።

እኔ የት እንደምቆም አላወቅኩም ነበር። ከሱ ጎን ብቆም ዘመድ እመስላለሁ፤ ብቀመጥም አያምርም። መጨረሻ ላይ ከሚጨብጡት ሰዎች ሰልፍ ጭራ ገባሁ። ተራዬ ደርሶ ፊቱ ስቆም ሸውቂ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሰው የሚለውን ልል ነው።»

«በል እንጂ።»

«የቀረው ዕድሜ ለአንተ ይሁን።»

እጄን ያዘ። መዳፉ እርጥብ ነበር። እጄን እንደያዘ ቆየ። ከመኪናዎቹ ሰልፍ ኋላ አንዱ ጥሩንባ ነፋ፣ ሌላው ተከተለው።

«በሩን ዘግተንባቸዋል» አለና ለቀቀኝ።

ኦፔሏ ውስጥ ገብቶ አስነሣት። እኔም ከኋላዋ ቆሜ፣ ና፣ ና፣ ወደ ግራ፣ በቃ፣ እያልኩ በእጄ እያሳየሁ ወደ ኋላ፣ በሰልፉ ጎን ወደ መንገዱ አስወጣሁት።