የሬዲዮው መርፌ የቆመበት

ኅዳር 13 ቀን 1991 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ውስጥ የአባቴ ሬዲዮ ጨሰ።

የእናቴ የሙት ዓመት ተዝካር የወጣው በዋዜማው ነበር። ካህናቱም ዘመዶቹም ሄደዋል። እኔ የአዲስ አበባ ትኬት የቆረጥኩት ለኅዳር 14 ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀሩት አባቴና ያ ሬዲዮ ነበሩ።

በእኛ ቤት ሐዘን ሳይወጣ ሬዲዮ አይከፈትም። ዓመት ሙሉ በእናቴ ዳንቴል ተሸፍኖ ቆየ። ያን ጠዋት አባቴ ዳንቴሉን ከፊቱ ገለጥ አድርገው፣ “እስቲ ደግሞ የሰው ድምፅ እንስማ” አሉና ማብሪያውን አዞሩ። ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ ውስጡ ያሉት አምፖል መሳይ ቫልቮች እስኪግሉ ዝም ይላል። ጠበቅን። እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ በስተኋላው ጭስ ወጣ። ሶኬቱን ነቀልኩ።

“ሞተ?”

“ሳይከፈት አይታወቅም፣ አባባ።”

“ያው ጋዜጠኛ! ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሳያጣራ እሳት ነው አይልም።”

ወደ ዜና ሥራ ከመግባቴ በፊት ኤሌክትሪክ ተምሬ ጥቂት ዓመት እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ጠግኛለሁ። የሆነው ግልጽ ነበር። ካፓሲተር የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ጣሳ መሰል ዕቃ፣ ረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሲቀመጥ ከውስጥ ይዳከማል፤ ሙሉ ኃይል ባንዴ ሲለቀቅበት ይቃጠላል። ሬዲዮውን የጎዳነው ሐዘናችንን በደንቡ በመጠበቃችን ነው። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

የጀርባውን ክዳን ስፈታ እጃቸውን ሰደዱ።

“እጅዎን ይሰብስቡ! ተነቅሎም ይገድላል።”

“ደግሞ ከተነቀለ ዕቃ ምን ይፈራል?”

“ያጠራቀመው አለ።”

ኤሌክትሪኩ በደረት በኩል እንዳያልፍ ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ። በቀኙ፣ ኃይሉን ቀስ አድርጎ የሚያስወጣ ሬዚስተር በተበየደበት ሽቦ ካፓሲተሩን አራግፌ ቴስተሩ ዜሮ እስኪያሳይ ጠበቅኩ። የውስጡን ክፍል ከሣጥኑ ለማውጣት የፊት ማዞሪያዎቹን መንቀል ነበረብኝ። የጣቢያውን ማዞሪያ ስይዝ አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

“መርፌውን እንዳታነቃንቀው።”

“ለምን?”

“እሷ የተወችበት ነው።”

ጣቢያ የምትፈልገው እናቴ ነበረች። እሳቸው የተገኘውን ይሰማሉ። ማዞሪያውን ሳላዞር ቀጥ አድርጌ ሳብኩት፤ መርፌውን የሚጎትተውን ክር በፕላስተር አጣብቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቫልቮቹ ደህና ነበሩ። የሚተካ ካፓሲተር ገበያው አጠገብ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ገዝቼ በየድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመቶ ሻማ አምፖል በሬዲዮው የኤሌክትሪክ መስመር መሐል አስገባሁ። ውስጡ አሁንም ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ሬዲዮው ግን ይተርፋል። ሶኬቱን ሰካሁ። ቦግ አለና ደበዘዘ።

“ጠፋ እንዴ?” አሉ አባቴ።

“መደብዘዙ ጤና ነው።”

አምፖሉን አውጥቼ ሬዲዮውን በቀጥታ አበራሁት። ቫልቮቹ ቀሉ። ከድምፅ ማውጫው የወጣው ሹክሹክታ የሚመስል ባዶ ነፋስ ብቻ ነው። ድምፁን ጨመርኩ፤ ነፋሱ ጨመረ።

“መርፌው ያለበት ላይ ጣቢያ የለም፣ አባባ። ትንሽ ላዙረው?”

“ተወው።”

“ምን ትሰማበት ነበር?”

“እኔ እንጃ። ያን ጊዜ ደጅ ነበርኩ።”

ሙቀት ስለሚያፍን ዳንቴሉን ከሬዲዮው ላይ አነሳሁት። አባቴ ተቀብለው አጠፉት፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ከገባው ብርድ ጋር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ያ ነፋስ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ልሄድ ተነሳሁ። አባቴ ቀድመውኝ ተነስተዋል። ሬዲዮው በርቷል። መርፌው ከቦታው አልተነሣም።