ክር የታሰረባቸው ጠርሙሶች

ሳሙና ሠሪዋ እጇ አያርፍም። ጎድጓዳውን ሳህን ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ ጥዳ የተከተፈውን ሳሙና ታቀልጣለች፤ አውርዳም ሽቶውን በጠብታ ትቆጥርበታለች፦ «ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት...»። በየጠርሙሱ አንገት ላይ ክር አስራለች፤ ለጽጌረዳው ቀይ፣ ለሎሚው ቢጫ። አንዱንም ወደ አፍንጫዋ አታስጠጋም። ልትገዛ የመጣችው ጎረቤቷ «ሙያ እንዲህ ነው!» አለች በሆዷ።

«እስቲ አሽትቺው፣ በዛ እንዴ?» ትላለች ሳሙና ሠሪዋ፣ ቀድሞ የደረቀውን ለጎረቤቷ አስጠግታ። ከዚያ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን ታያለች። «ግሩም ነው» ስትላት ትከሻዋ ዝቅ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «እውነትሽን ነው? ይሉኝታ ይዞሽ እንዳይሆን!» ብላ ትወተውታለች።

ይሄኔ ቤቱን የቃጠሎ ሽታ ሞላው።

«ኧረ የሚያርር ነገር አለ!» አለች ጎረቤቷ።

ሳሙና ሠሪዋ ክው አለች። በሩን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ጣሪያውን ሳይቀር አየች። ከጀርባዋ፣ እሳቱ ላይ የረሳችው ድስት ውሃው አልቆ፣ የተንጠባጠበበት ሳሙና እያረረ ነበር።

ጎረቤቷ ምድጃውን አጥፍታ «አይሸትሽም እንዴ?» ብላ ስትዞር፣ ሴትዮዋ ሁለት እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«እህቴ፣ በእናትሽ፣ ለደንበኞቼ እንዳትነግሪብኝ።»