ጳጉሜን ያስተካከለው ሰው

የሰውዬውን ማረፍ የነገረችኝ ሆሳዕና ውስጥ እኔና እሱ እንቀመጥበት የነበረው ሻይ ቤት ባለቤት ፈሪዳ ናት። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለብሶ፣ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ ከሌሞ ወረዳ በጋሪ ይመጣ ነበር። ጤና ጣቢያዎች ልደት ለመመዝገብ በነፃ የሚጠቀሙበትን፣ ኮዱን የፈለገ ባለሙያ ሁሉ ሊያርመው የሚችል ፕሮግራም ሲጠግን ሻዩ ይቀዘቅዝበት ነበር፤ ፈሪዳም ሳይጠይቃት ትቀይርለት ነበር።

አንድ ቀን «ዛሬስ ምን ተበላሸ ጋሼ?» አለችው።

«ፕሮግራሙ ጳጉሜን አልቀበል ብሏል። ጤና ጣቢያዎቹ በጳጉሜን የተወለዱትን ሕፃናት መስከረም አንድ እያሉ እየመዘገቧቸው ነው።»

«በአዲስ ዓመት ቢወለዱ ምን አለበት?»

«የተወለዱበትን ቀን ለምን እንቀማቸዋለን?» አለ ፈገግ ብሎ።

አምስቱን ቀን አስተካክሎ ለጤና ጣቢያዎቹ ልኮ ነበር። በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜን ስድስት ግን፣ ሳያስገባት ስላረፈ፣ እስካሁን ፕሮግራሙ ውስጥ አልገባችም።